ኪርክ ወይስ ፒካርድ? የኔስ ሲስኮ ነው

ስታር ትሬክን፣ ያንን የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ ድራማ፣ እወዳለሁ ስትል ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ «ኪርክ ወይስ ፒካርድ?» ነው፣ ከሁለቱ የጠፈር መርከብ ካፒቴኖች የትኛው ይበልጥብሃል ለማለት። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን የኔ ሰው ዲፕ ስፔስ ናይን በሚባለው ተከታታይ የጠፈር ጣቢያውን የሚያዘው ሲስኮ ነው።

የመጀመሪያው ተከታታይ፣ የኪርኩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ሦስት ሲዝን ብቻ ነው የሄደው፣ በጠቅላላው 79 ክፍል። ዛሬ ስታየው ድንጋዩም ግድግዳውም ካርቶን ይመስላል። ቢሆንም በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት፣ የጃፓን ዘር ያለው ሰውና ሩሲያዊ አንድ መርከብ ላይ እኩል ሲሠሩ ማሳየት ቀላል አልነበረም። ለዚህ አከብረዋለሁ። ደግሜ ግን እምብዛም አላየውም።

የፒካርዱ ተከታታይ ኔክስት ጄኔሬሽን (1987–1994) መጀመሪያ ላይ ይጎተታል፣ ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፒካርድ በጠፋ ዓለም ውስጥ ሙሉ ዕድሜ ኖሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ አያት ሆኖ ሲነቃ መርከቡ ላይ ያለፈው ግማሽ ሰዓት እንኳን ያልሞላበት ክፍል አለ። መጨረሻ ላይ እዚያ የተማረበትን ዋሽንት ደረቱ ላይ ያስጠጋና ብቻውን ይነፋል። አንድም ቃል የለም። ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁሌም ሆዴን ያባባዋል።

ከ2017 ወዲህ ያሉት አዲሶቹ ምስላቸው ያምራል፣ ግን በአስርና በአስራ ምናምን ክፍል ውስጥ ሁሌም ዓለም ሊጠፋ ነው፣ ሁሌም ሩጫ ነው። ገጸ ባህሪያቱ ቁጭ ብለው ቡና እንኳን የሚጠጡበት ጊዜ የላቸውም። የድሮዎቹ በሲዝን ብዙ ጊዜ 26 ክፍል ገደማ ስለነበራቸው ሰዉን ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ። ስትሬንጅ ኒው ወርልድስን ግን ከዚህ አወጣዋለሁ፣ እሱ ወደ ድሮው አካሄድ ተመልሷል።

ዲፕ ስፔስ ናይን (1993–1999) ለምን በለጠብኝ? የኪርክም የፒካርድም መርከብ ኤንተርፕራይዝ መንገደኛ ነው፣ ችግሩን ፈትቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፕላኔት ላይ ነው። ዲፕ ስፔስ ናይን ግን ጣቢያ ስለሆነ የትም አይሄድም። ዛሬ ያስቀየምከው ሰው ነገም ጎረቤትህ ነው። ጣቢያውን የሠሩት ካርዳሲያን የሚባሉ ወራሪዎች ጎረቤታቸውን ፕላኔት ባጆርን ለ50 ዓመት ገደማ ሲረግጡ ቆይተው ገና መውጣታቸው ነው፣ ሜጀር ኪራ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ መሣሪያ ይዛ የታገለቻቸው ባጆራዊት ናት።

«ዱኤት» የሚባለውን የመጀመሪያው ሲዝን ክፍል ያላያችሁ እባካችሁ እዩት። አብዛኛው ኪራና አንድ እስረኛ ካርዳሲያን ፊት ለፊት ሆነው የሚነጋገሩት ነው። ሰውየው ባጆራውያን የተሰቃዩበት የግፍ ካምፕ አዛዥ እኔ ነኝ ብሎ ይፎክራል፣ በገደላቸው ሰዎች ይኮራል። ኪራ እያጣራች ስትሄድ ግን ሰውየው ተራ መዝገብ ያዥ ሆኖ ይገኛል፤ ሌሊት የሚሰማውን ጩኸት ላለመስማት ጆሮውን ይደፍን የነበረ ሰው። ፊቱን በቀዶ ጥገና አስቀይሮ የመጣው እሱ ተፈርዶበት ሕዝቡ ጥፋቱን እንዲያምን ነው። እዚያ ላይ ሲያለቅስ ኪራ የምታየውን አስተያየት ልብ በሉ።

ትፈታዋለች። አብረው ሲወጡ አንድ ባጆራዊ ከኋላ ይወጋዋል፣ ለምን ሲባልም ካርዳሲያን መሆኑ ይበቃል ይላል። ኪራ ሰውየውን ደግፋ እንደያዘች አይበቃም ትለዋለች። ክፍሉ ሲጀምር ግን ያ ሰው ካምፑ ውስጥ ስለነበረ ብቻ ጥፋተኛ ነው ስትል የነበረችው ራሷ ኪራ ናት።