የቡቺ ሰንሰለት

ስልኩ የተደወለው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ካሉት የሽንኩርት እርሻዎች የአንዱ ጥበቃ ናቸው። «ዶክተር ልጄ፣ ውሻዬን ቡቺን እባብ ነደፈብኝ፤ ይዤው እየመጣሁ ነው» አሉኝ። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ወደ ወረዳው ክሊኒክ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

በጋቢያቸው ጠቅልለው ከባጃጅ ሲያወርዱት የቀኝ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ደፍኖታል። መርዙ ይውጣ ብለው በምላጭ በጥተውታል፤ ደሙ ጠብ ጠብ ማለቱን አላቆመም። በሌላ እጃቸው ፌስታል ይዘዋል። «እፉኝት ናት፤ ጭንቅላቷን ይዤልሽ መጣሁ።» ቶሎ ብዬ ፌስታሉን መሬት ላይ እንዲያስቀምጡት አደረግሁና ባልዲ ደፋንበት። የተቆረጠ የእፉኝት ጭንቅላት ከሞተች በኋላም ሊነክስ ይችላል። እሷን አሳድዶ ለመግደል ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሄዷል፤ ቡቺን ያስከፈለው ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ከእግሩ ደም ሥር ጥቂት ደም ቀድቼ በንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ አኖርኩ፤ ሳልነካው 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። ሳጋድለው እንደ ውሃ ፈሰሰ። የጤነኛ ውሻ ደም ቢሆን ረግቶ ከቱቦው ጋር ይያዝ ነበር። የምላጩ ቁስል አልደርቅ ያለውም መርዙ ደሙን እንዳይረጋ ስላደረገው ነበር። ረዳቴ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ቀድቶ ይዟል፤ አስቀረሁት። ደሙ ለማይረጋ፣ ኩላሊቱም አደጋ ላይ ላለ እንስሳ አይሰጥም። በምትኩ ትራማዶል ወጋሁት፣ ሪንገር ላክቴት የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም ሰቀልኩለት። ፀረ-መርዙ በመጋዘናችን አልነበረም።

ያጠፋሁት ሌላ ነገር ነው። ድንገት ቢነክሰኝ መያዣ ይሆነኛል ብዬ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ተውኩት። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያሳብጣል፤ ከፊት የጀመረ እብጠት ወደ ጉሮሮ እንደሚወርድ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቡቺ ማንቋረር ጀመረ፤ ምላሱ ጠቆረ። ጣቴን በሰንሰለቱ ሥር ላስገባ ብል አልገባ አለኝ፤ ብረቱ በእብጠቱ ውስጥ ተቀብሯል። ጫፍና ጫፉ በሽቦ የተጠማዘዘ ነበር። ሽማግሌው ወደ ባጃጁ ሮጠው ከሾፌሩ ፒንሳ አመጡ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ራሱን ደግፈው ያዙልኝ፣ እኔ ሽቦውን ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን ረጅም ትንፋሹን ሲስብ ሁለታችንም አለቀስን።

በአምስተኛው ቀን ምግብ ቀመሰ። የጉንጩ ቆዳ ጠቁሮ ተገሽልጦ ወደቀ፤ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠብን ሦስት ሳምንት ቆየን።

ፒንሳ ዛሬም ከማዳመጫዬ ጋር በአንድ ቦርሳ ነው የምይዘው። እባብ ነደፈው ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ ስለ እባቡ ከመጠየቄ በፊት አንገቱ ላይ ያለውን ሁሉ እንዲያወልቁ፣ አትብጡት፣ የተነደፈውን ቦታ አጥብቃችሁ አታስሩት፣ አታስሩጡት፣ ተሸክማችሁት ኑ እላለሁ።