ትራፊክ በማያፏጭበት ከተማ መኪና ተከራይቶ መንዳት

ደሴ ላይ የነዳ ሰው ሕግ የሚለምደው በፊሽካ ነው። የማይገባበት ከገባ ትራፊኩ ያፏጫል፣ ሹፌሩ ይቆማል፣ ይከራከራል፣ ካልተሳካለት ይቀጣል፣ በቃ እዚያው ያልቃል። ጣልያን ውስጥ ግን የሚያፏጭ የለም። ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ የመሀል ከተማ ዞን ገብታችሁ ወጥታችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ፣ መኪናውን መልሳችሁ፣ ደሴ ገብታችሁ ነገሩን ከረሳችሁት በኋላ ነው ወረቀቱ የሚመጣው። አገሩ ውስጥ ለማይኖር ሰው ቅጣቱን እስከ 360 ቀን ድረስ መላክ ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ሞተር ከማስነሳት በፊት ነው። እኛ እንዴት እንደተወጣነው ልጻፈው፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ሁሉ እየደወለ ስለሚጠይቀኝ።

እህቴ የምትኖረው ቦሎኛ ነው፣ መኪና የላትም። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ ሻንጣ ይዞ ባቡር ላይ መውጣት መውረዱ አይሆንላትም። ተከራየን። ማስያዣውን የሚይዙት በክሬዲት ካርድ ስለሆነ ኪራዩ በእህቴ ስም ሆነ፣ እኔ ተጨማሪ ተከፍሎልኝ ሁለተኛ ሹፌር ተባልኩ። የእኛ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ ትርጉም አብሮ መያዝ አለበት። እዚህ ሆናችሁ ጨርሱት።

መንዳቱ ራሱ ለእኔ ምንም አልነበረም። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከኮምቦልቻ ሐረጎን እየተጠማዘዘ የወጣ፣ ከፊቱ ተሳቢ ከኋላው ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋበት ደሴ የገባ ሰው የጣልያንን አውራ ጎዳና አይፈራም። የሚያስፈራው ከጎዳናው ወጥታችሁ መሀል ከተማ ስትቃረቡ ያለው ነገር ነው።

ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ ይሉታል፣ ትራፊክ የተገደበበት ዞን ማለት ነው፣ ባጭሩ ዜድ ቲ ኤል። የድሮው መሀል ከተማ በሮች ላይ ካሜራ ተተክሏል፣ ታርጋችሁን ያነባል፣ ፈቃድ ያላቸው ታርጋዎች ዝርዝር ውስጥ ከሌላችሁ ተቀጣችሁ። መነሻው ከ80 ዩሮ በላይ ነው። ምልክቱ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ቀይ ክብ ነው፣ ብዙ ቦታ ከጎኑ የሚበራ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» ካለ ካሜራው እየሠራ ነው፣ አትግቡ። «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ካለ መግባት ይቻላል። ብዙ እንግዳ ይህን ገልብጦ «በሩ ክፍት ነው» ብሎ ይረዳውና ዘው ይላል። ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ አትርሱ፦ የቦሎኛው በየቀኑ ከ7 እስከ 20 ይላል፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው።

እማዬ ይህን ሁሉ ስነግራት «ፒያሳውን እኛ አገር አምጥተው ሲያበቁ የራሳቸውን ፒያሳ ዘጉት?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ያደረግነው እንዲህ ነው። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ እህቴ የእያንዳንዱን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ድረ ገጽ ከፍታ የዞኑን ካርታ አወጣች። ከዚያ ስልኩ ላይ መድረሻ ብለን የሞላነው ካቴድራሉን ወይም አደባባዩን ሳይሆን ከዞኑ ውጭ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ጉዞውን ያዳነችው እሷ ናት። ስልኩን መሀል ከተማ አድርሰኝ ካላችሁት ቀጥ አድርጎ በሩ ሥር ይወስዳችኋል፣ እዚያ ስትደርሱ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከኋላ መኪና አለ፣ መመለሻ የለም።

ለፍሎረንስ የመረጥነው ቪላ ኮስታንዛን ነው። ከኤ1 አውራ ጎዳና ሳትወጡ የምትገቡበት ማቆሚያ ነው። መኪናውን አቁማችሁ በእግር ወደ ትራሙ ታልፋላችሁ፣ ትራሙ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሄዶ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ባቡር ጣቢያ ያወርዳችኋል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ እማዬ ያለ ድጋፍ ገባች። ሲዬና ደግሞ ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ሳንታ ካተሪና የሚባለው ማቆሚያ ሥር አቁመን በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ላይ ወጣን። ደሴም ዳገት ለዳገት ናት፣ ለእኛም እንዲህ ያለ ነገር ቢያስቡልን ምን ነበረበት!

አንድ ሌሊት ያደርንበት ማረፊያ ግን ዞኑ ውስጥ ነበር። እንዲህ ሲሆን ታርጋውን ለማረፊያው ሰጥታችሁ እነሱ ለከተማው ያስመዘግባሉ። ችግሩ የኪራይ መኪና ታርጋ የሚታወቀው መኪናውን ስትረከቡ ነው። እህቴ ቁልፉን እንደተቀበለች ገና ከማቆሚያው ሳንወጣ ታርጋውን ፎቶ አንስታ ላከች፣ መዝግበናል የሚል መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስም አልለቀቀቻቸውም። በየትኛው በር እንደምንገባም ጠየቀች። ይህ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ዕቃ አራግፎ ለመውጣት ነው፣ እንደ ልብ መዞሪያ አይደለም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ልማዴ ነው። እኛ አገር ከፊት ያለው ከሄደ እንሄዳለን። እዚያ ከፊታችሁ ያለው ታክሲ፣ አውቶቡስ ወይም የሰፈሩ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፣ ፈቃድ አለው፣ እናንተ የላችሁም። የአውቶቡስ መስመሩም ካሜራ አለው። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን፦ እኔ መንገድ አያለሁ፣ እህቴ ምልክት ታያለች፣ «ቀኝ!» ስትል ለምን ብዬ አልጠይቅም። ሲቆም ደግሞ የመስመሩ ቀለም ይታያል። ነጭ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፣ ሰማያዊ ይከፈልበታል፣ ቢጫ ለሌላ የተያዘ ነው።

ጣልያንን አይታችሁ ሌላውንም እንዲሁ ነው አትበሉ። እዚያው ጣልያን ውስጥ ኤሪያ ሲ የሚባለው የሚላኖ መሀል ከተማ ዞን ለአብዛኛው መኪና በክፍያ ነው፣ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በቀን 7.50 ዩሮ ሆኗል። ለንደንም ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሀል ከተማ ለሚገባ ያስከፍላል። ብዙ የጀርመን ከተሞች ደግሞ መስታወት ላይ የሚለጠፍ የጭስ ደረጃ ምልክት ይጠይቃሉ።

እስካሁን በእህቴ አድራሻ የመጣ ወረቀት የለም። ውሉንና የማረፊያውን መልስ ግን ዓመቱ እስኪሞላ አስቀምጣቸዋለች። ለእናንተ ከመጣ ደግሞ ይህን ያዙ፦ አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ ከካርዱ ላይ የሚቆርጠው ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ቅጣቱን ከፍያለሁ ብላችሁ አትቀመጡ። ቅጣቱ ለብቻው ይመጣል፣ በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ለከፈለ 30 በመቶ ይቀነስለታል።