ባልዲውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ

እንቁጣጣሽ ካለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ የሆነ ነገር ነው። እስካሁን ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀጥ እላለሁ። «ግን ባልዲውን ለምን ተቀበልክ?»

ነገሩ የጀመረው ቢሮ ውስጥ ነው። ሞንፔልዬ፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ውጭ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል፤ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ካልክ ቀጥላ የምትመጣው ጥያቄ ሩጫ ነች። ኃይሌን ታውቀዋለህ? አንተስ ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ? እኔ ሣሪስ ነው ያደግሁት። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ የማለከልክ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰለቸኝና «ትምህርት ቤት የምንሄደው በሩጫ ነበር» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ታክሲ ለመያዝ ነው የምንሮጠው። እሷን አልጨመርኩም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የቢሮው የተራራ ሰው እኔ ሆንኩ። ቅዳሜ ከአንያን ተነስተን በኤሮ ወንዝ ሸለቆ እስከ ሳን ጊሌም ለ ዴዜር በእግር እንሂድ ሲባል ማንም አልጠየቀኝም። ስሜን ቀድመው ጽፈውታል። ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። «ለአንተማ ምን አላት!»

እናቴም ነገሩ ውስጥ አለችበት። ሳን ጊሌም በ804 የተመሠረተ ገዳም እንዳለና የጌታ መስቀል ቁራጭ እዚያ አለ እንደሚባል ስልክ ላይ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ግማደ መስቀሉማ ግሸን ነው ያለው።»

«እነሱም ጋ ቁራጭ አለ ይላሉ፣ እማዬ።»

«ስንጥር ደርሷቸው ይሆናል። ለማንኛውም ተሳለምልኝ።»

ከአንያን ስንነሳ አንዷ ባልደረባችን ትርፍ ዱላ ይዛ ነበር። እነዚያን የሚተጣጠፉ የብረት ዱላዎች። «ውሰድ» አለችኝ። ሳቅኩባት። እኛ አገር ዱላ የሚይዘው ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ከብት የሚነዳ፣ ወይ ቅዳሴ የቆመ። ለሽርሽር ዱላ! አልፈልግም አልኩ። ዱላዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የዲያብሎስ ድልድይ ስንደርስ ሁሉም ስልኩን አወጣ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ከሥሩ ወንዙ ነጩን አለት ሰንጥቆ ይወጣል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ዲያብሎስ ድልድዩን አላሠራ ሲል፣ መጀመሪያ የሚሻገረውን ነፍስ ሊሰጡት ተዋዋሉ። ከዚያ አንድ እንስሳ አሻግረው ጉድ ሠሩት። ይህን የነገሩኝ ከሁሉም ቀድሜ ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

«እናንተ ፎቶ አንሱ፣ እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደም» አልኩ። የተራራ ሰው አይደለሁ?

እዚህ አገር ረጅም የእግር መንገድ የሚታወቀው በነጭና በቀይ መስመር ነው። ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች። ድንጋይ ላይም ዛፍ ላይም ይቀቡታል። ሁለቱ መስመሮች ተቆላልፈው ኤክስ ከሠሩ «በዚህ አትሂድ» ማለት ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። የዚያን ቀን የማውቀው መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የተሳላሚዎች መሆኑን ብቻ ነበር። መንታ መንገድ ላይ ስደርስ አንድ ምሶሶ ላይ ነጭና ቀይ ተቆላልፎ አየሁ።

«መስቀል!» አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሬ በቀይ ኤክስ ሲዥጎረጎር የኖረ ሰው ነኝ። የሒሳብ መምህሮቼ ልፋት ሁሉ እዚያች ምሶሶ ሥር ተቀበረ። ስልኬን አውጥቼ ለእናቴ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት።

መንገዱ ወይን እርሻ ውስጥ ገባ። ግራና ቀኝ ወይን፣ መሬቱ ቀይና ጠጠራማ፣ አየሩ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። እንዴት ደስ ይላል እያልኩ ስሄድ አንድ ትራክተር የቆመበት ደረስኩ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። አንድ ስድሳ የዘለለው፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ወደ እኔ እየተጣደፈ መጣ። በዚያ በደቡቦቹ ፈረንሳይኛ አንዳች ነገር አዥጎደጎደብኝ። እኛ ቢሮ የሚወራው እንግሊዝኛ ነው። የእኔ ፈረንሳይኛ ዳቦ ለመግዛት ይበቃል። ከሁሉም «ዘግይተሃል» የምትለዋ ብቻ ገባችኝ። ከጓደኞቼ ዘግይተሃል ያለኝ መሰለኝ።

«ዊ» አልኩ።

ጥቁር ባልዲና መቀስ ዘረጋልኝ።

እዚህ ጋ ነው ጥርሴን ስቦርሽ የምቆመው። ሌላ ሰው ቢሆን «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል። እኔ አስተዳደጌ ገደለኝ። ትልቅ ሰው ነገር ሲዘረጋልህ ምን ታደርጋለህ? ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ባልዲ! ባዶ የፕላስቲክ ባልዲ፣ እንደ ጠበል ዕቃ፣ እንደ ምርቃት ቀን ዲፕሎማ። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ ባልዲ ሲያድል እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። ትንሽ ብቆይ ጉልበቱን የምስም ይመስለኛል።

ከዚያ በጣቱ አንድ መደዳ አሳየኝና «አሌ! አሌ!» አለ። በእነሱ ቋንቋ «ቀጥል፣ ቶሎ በል» ማለት ነው። በእኛ አሌ ማለት መካድ ነው። መካድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ገባሁ።

አብዛኛው እርሻ በማሽን ነው የሚለቀመው ይላሉ። ይሄኛው ካሪኛን የሚሉት የወይን ዝርያ ነው፤ ያረጀ ስለሆነ በእጅ ነው፤ ዕድሌ። ግንዱ አጭር ነው፣ ዘለላው ከጉልበት በታች ተንጠልጥሏል። ለሁለት ታጥፈህ ነው የምትቆርጠው። ከማዶ በኩል አንዲት ሴትዮ እንደ ስፌት መኪና ትቆርጣለች። በአሥር ደቂቃ ሁለት ባልዲ ሞላች። የእኔን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ቅጠል ቀላቅለሃል ነው። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ አንስታ አፍንጫዬ ሥር አሳየችኝ።

ከፋኝ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ከፋኝ። ባልተቀጠርኩበት ሥራ ተገመገምኩ! እኔም እልህ ያዘኝ። ቅጠል አንድ በአንድ እየለቀምኩ አወጣ ጀመር። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይጮኻል፣ እጄ በወይን ጭማቂ ተጣብቋል፣ ተርብ ይዞረኛል። እኔ ሦስተኛ ባልዲዬ ላይ ነኝ። እዚህ ጋ «ሥራ ነው ብሎ ማን ነገረህ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ማንም። ግን ከገባህ በኋላ እንዴት ትወጣለህ? ምን ብለህ?

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ከዚያ ሁለት ሰዎች በዚያው በእኔ መንገድ ብቅ አሉ። ባልና ሚስት ይመስላሉ። ያቺን ኤክስ አልፈዋት የመጡ፣ እንደ እኔው የጠፉ። ሰውዬው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ባርኔጣውን አነሳና ሳቀ። «መንገዱ ይሄ አይደለም፣ ተመለሱና በግራ» ብሎ በእጁ ጭምር አሳያቸው። ቀላል ፈረንሳይኛ፣ ቀስ ያለ። ለእኔ እንኳ ገባኝ። አመስግነው ሄዱ።

ባልዲ የሰጣቸው የለም።

ቀና አልኩ። ወገቤ ቀጭ አለ። እነሱ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ አለ፣ የእኔም ጀርባ ላይ ቦርሳ አለ። እነሱ የእግር ጉዞ ጫማ አድርገዋል፣ እኔም አድርጌያለሁ፣ ያውም አዲስ። ልዩነታችን ምንድን ነው? ብዙ አሰብኩበት። ዱላ ይዘዋል። አዎ፣ ዱላው ነው። እኔ ዱላ አልያዝኩም። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዱላው ነው።

ባልዲዬን ይዤ ወደ ሰውዬው ሄድኩና «እኔም መንገደኛ ነኝ» አልኩት፣ በዳቦ መግዣ ፈረንሳይኛዬ። አየኝ። ባልዲዋን አየ። ቦርሳዬን፣ አሁን ገና፣ አየ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው፤ የትራክተሩን ጎማ ተደግፎ ነው የሳቀው። ለሌሎቹ ነገራቸው። ያቺ ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ሰውዬው ሁለት ዘለላ ወይን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሁንም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አመል አይለቅም።

የቀረውን መንገድ ብቻዬን፣ ተርብ አጅቦኝ ሄድኩ። ገደሉ ያምራል ይባላል። ያየሁት ጫማዬን ነው። ሳን ጊሌም ስደርስ ጓደኞቼ ከትልቁ ዛፍ ሥር አይስክሬማቸውን ጨርሰው፣ አንዱ የገዳሙ የተቀረጹ ዓምዶች እንዴት ተሸጠው ኒው ዮርክ ሙዚየም እንደገቡ እያዘነ ያስረዳል። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ መቅደላ አንድ ሰዓት አወራለት ነበር። የዚያን ቀን አቅም አልነበረኝም።

«የት ጠፋህ? በሩጫ ቀድመኸን ተራራውን ዞረህ የምትመጣ መስሎን ነበር!»

«ዊ» አልኩ።

አውቶቡሱ ሊሄድ ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑን በሩቁ አየሁት። ማታ እናቴ ደወለች። የምሶሶዋን ፎቶ አይታ በጣም ደስ ብሏታል።

«ተሳለምክልኝ?»

«ዊ።»

«ምን?»

«አዎ፣ እማዬ።»