ፓምፑ በሬሳ ወንዝ ዳር ለምን ተንኳኳ? ከሜካኒካል አራተኛ ዓመት

ይህን ሴሚስተር ከጨረስኩ ጀምሮ ልጽፈው ስል ነበር። ከቴርሞ (ቴርሞዳይናሚክስ) አንስቶ ሲያታግለኝ የከረመ የአየር ግፊት ነገር ፍሉይድ ማሽነሪ (የፓምፕና መሰል ማሽኖች ኮርስ) ላይ ገባኝ። ደስ ስላለኝ ሜካኒካል ለምትማሩና ለመግባት ለምታስቡ ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። ዲፓርትመንት ስንመርጥ ልቤ ሶፍትዌር ላይ ነበር። ሜካኒካል ሲደርሰኝ ከፋኝ፤ ቅሬታው ሳይለቀኝ ቆየ። ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ ስትሬንግዝ አለፉ። ድሮዊንግ ወደድኩ። ቴርሞ ላይ ግን አንድ ቁጥር ተጣበቀብኝ፤ 101.3 ኪሎ ፓስካል። መጽሐፉ ሁሉ የአየር ግፊት ብሎ የሚጽፈው እሱን ነው። እሱ ግን የባሕር ወለል ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የእኛ ግፊት ወደ 72 ይወርዳል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ንፍሮ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ይህን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ግን በአጎቴ ፓምፕ ነው።

አጎቴ ሸዋሮቢት ሽንኩርት ያለማል። እዚያ ሲሠራ የኖረውን የውሃ ፓምፕ ለእናቴ የድንች ማሳ ብሎ በጣርማ በር ሽቅብ አመጣው። በሬሳ ወንዝ ዳር ተክለን ስናስነሳው ጠጠር የዋጠ ይመስል ተንኳኳ፤ ውሃውም ቀነሰ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህም እንዴ? እስኪ ንገረና!» አለኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኩት።

የተጠረጠሩት ሦስት ነበሩ። ኩሺኔታው አልቋል የሚሉ ነበሩ፤ በእጅ ሲዞር ግን ልስልስ ነው። ሁለተኛው፣ የመሳቢያው ቱቦ በመገጣጠሚያው አየር ይስባል የሚል ነው። የሳሙና አረፋ ቀባንበት፤ አየር የሚገባ ቢሆን አረፋውን ወደ ውስጥ ይስበው ነበር፤ አልሳበውም። ሦስተኛው፣ ሞተሩ በስስ አየር ደክሟል ነው። ይሄ በከፊል እውነት ነው፤ ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከባሕር ወለል አቅሙ ሩብ ያህሉን ያጣል። የደከመ ሞተር ግን ዙሩ ይወርዳል እንጂ ጠጠር ጠጠር አይልም።

መልሱ ያለው መሳቢያው ላይ ነው። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» እንላለን እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። 101.3 ኪሎ ፓስካል የውሃ ዓምድን 10.3 ሜትር ያህል ይገፋል። ሸዋሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግፊቷ 87 ነው፤ 8.9 ሜትር። ደብረ ብርሃን 7.3 ሜትር ብቻ። የፓምፑ ወረቀት «8 ሜትር ይስባል» የሚለው በባሕር ወለል ነው፤ ቀሪው 2.3 ሜትር ለቱቦው ሰበቃና ለኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ ለሚሽከረከረው መዘውር) የሚያስፈልገው ነው። ያንኑ ቀሪ ከየቦታው ቀንሱት፦ ሸዋሮቢት 6.6 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን 5 ሜትር። እኛ የተከልነው ከውሃው 5.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ታች ቆላ ምንም አይሆንም፤ እዚህ ግን ኢምፔለሩ መግቢያ ላይ ግፊቱ ከውሃው የእንፋሎት ግፊት (ውሃው መፍላት ከሚጀምርበት ግፊት) በታች ይወርድና ውሃው በብርዱ ይፈላል። አረፋዎቹ ወደ ከፍተኛ ግፊት ሲገቡ በድንገት ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ፤ ድምፁ ያ ነው። ካቪቴሽን ይባላል፤ ሲቆይ ኢምፔለሩን ይበላዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመውጫውን ቫልቭ ትንሽ ስንዘጋ ፍሰቱና የቱቦው ሰበቃ ስለሚቀንስ ኳኳታው ረገበ። ከዚያ የወንዙን ዳር ቆርሰን መደብ ሠራንና ፓምፑን ወደ ውሃው አወረድነው፤ ድምፁ ጠፋ። ውሃው እንደ ሸዋሮቢቱ ባይሆንም (ሞተሩ አየር ያጥረዋልና) ማሳውን አጠጣ።

እንግዲህ ምክሬ፣ ማንኛውንም ቀመር ስትማሩ የአካባቢያችሁን ቁጥር አስገቡበት። የመጽሐፉን ምሳሌ ገልብጦ መፍታት ከንቱ ድካም ይመስለኛል። ሶሊድወርክስ (የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም) በጊዜ ጀምሩ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። መጀመሪያ በወረቀት፣ የእንፋሎት ሰንጠረዡን በጣት እየተከተሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት ዋሉ፤ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ሲቀየር ያላየ ተማሪ ሊክ (ማፍሰስ) በሚለው ምዕራፍ ምንም አይታየውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ ብዙዎች የቆየ ጥያቄ እየሸመደዱ ነው። ለማለፊያው 50 ከመቶ ይበቃ ይሆናል፤ ለፋብሪካ አይበቃም። እኔም ማርክ ይዤ እውቀቱ የሌለኝ ኮርስ አለኝ፤ ቫይብሬሽን። ስለ እሱ እንዳትጠይቁኝ፣ ከልቤ ነው።

«ተመርቀህ የት ትገባለህ?» ለሚሉኝ፦ ዞናችን ውስጥ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የለሚ ሲሚንቶ አሉ። ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ ፓምፕ፣ ማራገቢያ የሌለበት የለም፤ ሁሉም ያለ ጥገና ሰው ይቆማሉ። የመስኖና የመጠጥ ውሃ ሥራም አለ፣ የአውሮፕላን ጥገናም፣ ማስተማርም። ብዙ ጓደኞቼ ዲዛይን ቢሮ ይመኛሉ። እኔ ጥገና ይቅደም ባይ ነኝ፤ ሲሰበር ያላየውን ማሽን እንዴት አድርጎ ይነድፈዋል?

ቀጥሎ ኢንተርንሺፕ ነው፤ ቦይለር ክፍል ለመግባት እየጠየቅኩ ነው። እዚህ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.87 ኪሎ ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 1.2። ስለዚህ የቦይለሩ ማራገቢያ ያንኑ ነዳጅ ለማቃጠል ብዙ ተጨማሪ ሜትር ኩብ አየር መግፋት አለበት። በደጋ ከተማ ቦይለር ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ማራገቢያው ለከፍታው ታስቦ መመረጡን በምን እንደምታዩ ጻፉልኝ።