ከሞዜል የመጣው ወይንና «የጠርሙስ ስባሪው»

ፍራንክፈርት በምሠራበት ምግብ ቤት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሥራ ገና የጀመረች የአገሬ ልጅ ባሩ ጋ እየተጣደፈች መጣችና «ጋሼ፣ ሰውዬው ብርጭቆዬ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ አለ እያለ ነው» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። የቀዳችላቸው ሪዝሊንግ ከሚባለው የወይን ፍሬ ዝርያ የተሠራ፣ ከጀርመኑ የሞዜል ወንዝ ሸለቆ የመጣ ነው፤ መለያው ላይ «ትሮክን» የሚል ያለበት ድራይ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ነጭ ወይን።

ብርጭቆውን መብራት ላይ ሳየው ታች ነጫጭ ቅንጣቶች ያብለጨልጫሉ። ምን እንደሆኑ ገብቶኛል። ቢሆንም ደንበኛ ፊት ቆሞ «ምንም አይደለም፣ ይጠጡት» ማለት የለም፤ ስባሪ ነው ከተባለ እስኪጣራ ድረስ ስባሪ ነው። የተጎዳ ሰው አለመኖሩን ጠይቄ፣ ጠርሙሱንም ብርጭቆዎቹንም አንስቼ፣ በንጹሕ ብርጭቆ ሌላ ወይን አቀረብኩ።

ወጥ ቤት ገብተን የጠርሙሱን አፍ አየነው፤ አልተሸረፈም። ቅንጣቶቹን ማንኪያ ላይ አድርገን የፈላ ውሃ ስናፈስባቸው ሟሙ። መስታወት እንዲህ አይሆንም።

«ታዲያ ስኳር ነው?» አለችኝ። ስኳር እንኳ አይደለም፤ በጀርመን ሕግ ትሮክን የሚባል ወይን ስኳሩ ቢበዛ በሊትር 9 ግራም ነው፣ ያም አሲዱ በቂ ሲሆን ብቻ። ነገሩ የወይኑ የራሱ አሲድ ከፍሬው ፖታሲየም ጋር ተጋግሮ የሠራው ጨው ነው። ኬክ ሠሪያችን መደርደሪያ ላይ ያለው የታርታር ዱቄት ከዚሁ ተጣርቶ የሚወጣ ነው፤ አሳየኋት፣ ሳቀች።

ሞዜል ቀዝቃዛ አገር ነው፤ 50ኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር ያልፍበታል። ሪዝሊንጉ ወንዙን ቁልቁል በሚያይ ገደል ላይ ይተከላል። ብሬም መንደር ያለው ካልሞንት የተባለው ተዳፋት 65 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ ለቀማው በእጅ ነው፣ ዋጋው ቢወደድ አይገርመኝም። ተሰነጣጥቆ የሚነሳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። እንዲያም ሆኖ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ብዙ ጊዜ እስከ ኦክቶበር ይቆያል፣ ጉምዛዜውም አይለቀውም። እንዲህ ያለ ወይን ብርድ ውስጥ ሲቀመጥ ጨዉ ከታች ይረጋል።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ይህንኑ ባጭሩ ነገርኳቸው። ሰውዬው የመጀመሪያውን ጠርሙስ መልሼ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ፤ አይሆንም አልኳቸው፣ ከተነካካ በኋላ ለደንበኛ አይመለስም።

ሥራ አስኪያጃችን ግን ካርቶኑን በሙሉ ለአቅራቢው እንመልስ አሉ። እዚህ ላይ ተከራከርኩ። አንዳንዱ ጠማቂ ወይኑን ከማሸጉ በፊት ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ጨዉን አስቀድሞ ያወጣዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጣዕሙን እንዳይነካበት ሆን ብሎ ይተወዋል። ጥፋት አይባልም። ካርቶኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ጠርሙሶች ከመሸጣቸው አንድ ቀን ቀድመን አቁመን እናሳድራቸዋለን፣ ስንቀዳም የመጨረሻዋን ጉንጭ ጠርሙሱ ውስጥ እንተዋለን።