ጌታ ምክንያቱን ገለጠልኝ

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ፣ ጌታ ያረገልኝን ልመስክር ብዬ ነው። የደም ግፊት አለብኝ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የሚያሸና ክኒን ነበር የምወስደው፣ በሱ ላይ ተቅማጥና ትውከት ያዘኝና አልለቅ አለኝ። ከዛ አቅሜ እየከዳኝ መጣ፣ መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፣ ቀጥሎ ከወንበር ስነሳ ጉልበቴን በእጄ እየተደገፍኩ ሆነ፣ አንድ ጠዋት ጭራሽ ከአልጋ ልነሳ ብል ጭኔ አልታዘዝ አለ፣ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ ጭኔ ግን ወይ ፍንክች! ልቤም አንዴ ይመታል አንዴ ይዘላል። አንዱ ስትሮክ ነው አለ፣ ሌላው መተት ነው አለ፣ መቼም ሰው ለመፍረድ ላብራቶሪ አያስፈልገውም። እህቴ ግን አጠገቤ ተንበርክካ "ጌታ ሆይ ምክንያቱን ግለጥ" ብቻ ነበር የምትለው፣ ፈውስ እንኳን አልጠየቀችም።

ድንገተኛ ክፍል እንደገባን ዶክተሯ ገና እግሬን ሳትነካ "ምን መድሃኒት ይወስዳሉ? ተቅማጥ ነበረዎት?" አለችኝ። የደም ምርመራና ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ አዘዘች፣ ፖታሺየሜ (ጡንቻና ልብ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው በደም ውስጥ ያለው ማዕድን) 2.1 ሆኖ ተገኘ! ጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ነው፣ ከ2.5 በታች ሲሆን ጡንቻ ሊሽመደመድ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። የሚያሸናው ክኒን በሽንት፣ ተቅማጡ በሰገራ፣ ሁለቱ ተባብረው ጨርሰውብኛል።

ፖታሺየሙ በደም ስር ይሰጠኝ ጀመር፣ በማሽን እየተለካ በጣም በቀስታ፣ ክንዴን እንደ እሳት ይለበልበኛል። ቶሎ ይለቅልኝ ብላት ነርሷ "በአንዴ ከገባማ ልብ ያቆማል" አለችኝና ዝም አልኩ። ግን ተሰጥቶኝም ቁጥሩ አልነሳ አለ፣ እህቴም ያንኑ ፀሎት ደገመችው። ለካ ማግኒዥየም የሚባለው ሌላው ማዕድኔም ወርዶ ኖሯል፣ እሱ ካልተሞላ ኩላሊት የገባውን ፖታሺየም መልሶ ያፈሰዋል! ማግኒዥየም ሲሰጠኝ ፖታሺየሙ ወጣ፣ ጭኔም ታዘዘ፣ ሃሌሉያ!

ሙዝ ብላ ያላችሁኝ ሁሉ ተባረኩ፣ ሙዝ ፖታሺየም ስላለው ጥሩ ነው ግን 2.1ን ሙዝ አይመልሰውም። አሁን ክኒኑ ተቀይሮ ስፓይሮኖላክቶን ጀምሬያለሁ፣ እሱ ደግሞ ፖታሺየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚይዘው እንዳይበዛብኝ በየጊዜው ደሜን እመረመራለሁ፣ የፖታሺየም ክኒንም በራሴ ገዝቼ አልውጥም፣ በተለይ ኩላሊት የሚያማችሁ እንዳትሞክሩት መብዛቱም ይገድላል። የመጨረሻው ውጤቴ 4.2 ነው፣ ስሙ ይባረክ።