የበዓሉን ወጪ ለእማዬ አስረከብናት

ውጭ አገር የሚኖር ጎንደሬ በዓል የሚቆጥረው በሁለት ካላንደር ነው። አንዱ የሚኖርበት አገር ነው፦ ታንክስጊቪንግ፣ የፈረንጆቹ ገና፣ የልጆች ልደት፣ የጓደኛ ልጅ ክርስትና፣ ምርቃት። ሌላው የአገር ቤቱ ነው፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። በዚያ ላይ ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ የእማዬ ማኅበር አለ። ደመወዙ ግን አንድ ነው።

እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጀርመን፣ ታናሽ እህቴ ቶሮንቶ ናቸው። እማዬ፣ ታላቅ እህታችንና የመጨረሻው ወንድማችን ጎንደር፣ ያደግንበት ቤት አሉ። ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። ሁላችንም እንደ አቅማችን እንልካለን። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ነው የሚኖረው። ስለዚህ በእኛ ቤት የሠራው ዘዴ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከወጪው ብዛት በላይ የሚከብደው ድንገተኛነቱ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልክ ይደወላል። ዶሮ ተወደደ፣ ቅቤ አልቀመስ አለ ይባላል። እውነት ነው። በዋዜማው ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ብዙ አይከራከርም፤ ባዶ እጁን እንደማይመለስ ሻጩም ያውቃል። እኛ ሦስታችን ደግሞ ሳንነጋገር እንልካለን። አንዱ ለዶሮ፣ አንዱ ለበግ፣ አንዱ ለእማዬ ቡና መጠጫ። በትንሽ በትንሹ ስለሚላክ በእያንዳንዱ ላይ የመላኪያ ክፍያ አለ። የመላኪያው ክፍያ ብቻ ተሰብስቦ ቢታይ በዓመት አንድ ጥሩ ስጦታ ይገዛል።

ነገሩን በደንብ የተነጋገርንበት ከሐምሌ 2016 በኋላ ነው። በዚያ ወር በ22ኛው ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ አሁንማ ግማሹን ብንልክ ይበቃቸዋል ይሉ ነበር። ጎንደር ያሉት ግን ዘይቱም ስኳሩም ልብሱም አብሮ ሲወጣ በየቀኑ ያያሉ። ታላቅ እህቴ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከች። ዋናው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይኼ ለዶሮ ነው፣ ይኼ ለልብስ ነው አትበሉን። ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚደርስ ብቻ ንገሩን። ድግሱን እኛ እናውቅበታለን።»

እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትደግስ የኖረች ሴት ናት። አባታችን በሕይወት እያለ በአንድ የመምህር ደመወዝ ስድስት ልጅ የሚሆን ዘመድ አዝማድ እያሳደገች ማኅበር ታወጣ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት የዶሮ ዋጋ ለልጆቿ ሪፖርት ማድረግ የለባትም።

ያደረግነው ቀላል ነው። ሦስታችን በወር 50፣ 50 ዶላር እናዋጣለን። የሚላከው በየሦስት ወሩ በአንድ ላይ ነው፤ ተራ በተራ አንዳችን በባንክ እንልካለን። 450 ዶላር ማለት ነው። ገንዘቡ በእህቴ ሂሳብ ይገባል። እሷ በደብተር ትጽፋለች፤ በሦስት ወሩ መጨረሻ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ታደርጋለች። ማንም አልጠየቃትም። እሷ ራሷ ናት ያመጣችው። የሕመምና የትምህርት ቤት ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። እሱ ከበዓል ጋር እንዳይደባለቅ ተስማምተናል።

እማዬ ብሩን ቀድማ ስታገኝ ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ። እኔን እጅግ ያስገረመኝ ይኼ ነው።

ጤፍ የምትገዛው አዝመራው በገባ ሰሞን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ዋጋው እንደሚወጣ ታውቃለች። አጎቴ የሚኖረው ደምቢያ ስለሆነ እሱ አይቶ ይመርጥላታል። ባለፉት ዓመታት መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ፣ እህሉን የምታስመጣው ሰላም በሆነ ሰሞን ነው። ዛላ በርበሬም እንደዚሁ ነው፤ በደረሰበት ወቅት ገዝታ፣ አድርቃ፣ አዘጋጅታ ታስቀምጣለች። ቅቤ የምትገዛው በጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ቅቤ የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል። አንጥራ ለፋሲካ ታቆየዋለች። የፋሲካ ሳምንት ለቅቤ ገበያ መውጣት ለእሷ ገንዘብ መጣል ነው። ዶሮም በዋዜማ አትገዛም። ቄቡን ቀደም ብላ ገዝታ የቤት ትርፍራፊና ጥሬ እየሰጠች ታቆየዋለች።

ሥጋው በቅርጫ ነው። ሰፈሩ ተሰባስቦ አንድ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ በመደብ ይከፋፈላል። በግ ለብቻ ከማረድ በእጅጉ ይሻላል፤ ሥጋውም ይበዛል። እኛ ከውጭ «በግ እረዱ» ብለን ስንልክ እማዬ ላለማስቀየም በግ ታርድ ነበር። አሁን በመረጠችው ትሄዳለች። ለጠላው ዳጉሳውም ጌሾውም ቤት አለ። አተላው ደግሞ ለከብት ይሄዳል፣ ምንም አይጣልም።

ይኼ ሁሉ የእማዬ እውቀት ነው። እኛ የጨመርነው ቀድሞ መድረስን ብቻ ነው። ገንዘብ በዋዜማ ሲደርስ በዋዜማ ዋጋ ይጠፋል። ሁለት ወር ቀድሞ ሲደርስ እማዬ እጅ ላይ ይበረክታል።

ትልቁ ፈተና የትንሹ ወንድማችን ሠርግ ነበር። ጎንደር ውስጥ ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ያቺ ጊዜ አጭር ናት። አዳራሹም፣ መኪናውም፣ ካሜራማኑም የሚወደደው ያኔ ነው። ወንድሜ በመጀመሪያ አዳራሽ ተከራይቶ ምግቡን በኬተሪንግ ሊያደርገው አስቦ ነበር። የእሱ ዕድሜ ልጆች እንደዚያ ነው የሚያገቡት፤ አልፈርድበትም። ዋጋውን ሲያመጣ ግን ሁላችንም ዝም አልን። እማዬ ናት ዝምታውን የሰበረችው። «እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው። ሠላሳ ዓመት የከፈልኩበት እድር ለለቅሶ ብቻ ነው እንዴ?» አለች።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥና ደጁ ላይ ተተከለ። የእድሩ ዕቃ ለአባል የሚከራየው በትንሽ ብር ነው። የጎረቤት ሴቶች ሽንኩርት ሊልጡ፣ ጠላ ሊጠምቁ፣ ወጥ ሊሠሩ ሳምንቱን ሙሉ ገቡ። እማዬ ለእነሱ ልጆች ሠርግ ስንት ጊዜ ጭስ ስትጠጣ እንዳደረች ማንም አልረሳም። ሽንኩርቱ ከፎገራ በኩንታል መጣ። ሰንጋው ደግሞ የአጎቴ ሥራ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ ገና ያልደለበ በሬ ገዛን፤ አጎቴ ደምቢያ ወስዶ ፋጉሎና አተላ እየሰጠ አደለበው። ጥር ላይ የደለበ ሰንጋ ገበያ ወጥቶ የጠየቀ ሰው ልዩነቱን ይረዳዋል። አጎቴ ለድካሙ ብር አልቀበልም አለ። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር ገዛንለት፤ በዚያም ተስማማ።

ክርክር አልጠፋም። ከአባታችን ወገን የሆኑ አንድ አጎት ነገሩ አላማራቸውም። «ሦስት ልጅ ውጭ አገር እያላት በድንኳን ዳረች ይባላል» አሉ። እማዬ በአክብሮት መለሰችላቸው። «ጋሼ፣ የተጠራ ሰው ጠግቦ ከሄደ ማን ምን ይላል?» አለቻቸው። ይኼን ጉዳይ እኔም አጥብቄ እይዘዋለሁ። ከጥሪ ወረቀቱ ላይ ሰው አልቀነስንም። እዚህ አሜሪካ ወጪ ለመቀነስ በመጀመሪያ የሚሰረዘው እንግዳ ነው። ጎንደር ላይ እንግዳ ከተቀነሰ ሠርጉ ራሱ ተቀነሰ ማለት ነው። የቀነስነው ሌላውን ነው። የሙሽራዋ ቬሎ በኪራይ ሆነ። መልሱንና ቅልቅሉን ሁለቱ ቤተሰቦች ተነጋግረው በአንድ ቀን አደረጉት፤ የሙሽራዋ እናት ይህን ሲሰሙ እፎይ አሉ፤ እሳቸውም የሚያሳስባቸው ወጪ ነበር። ፎቶው በፋሲል ግቢ አካባቢ ሆነ፤ እንደዚያ ያለ ጀርባ በየትኛውም አዳራሽ አይገኝም። ለጥሎሹ አዲስ ወርቅ ከመግዛት እማዬ የራሷን ሐብል አጥባ አቀረበች። ሙሽራዋ ሐብሉን ስትቀበል አለቀሰች። ከሱቅ የተገዛ ቢሆን እንደዚያ የምታለቅስ አይመስለኝም።

ወንድሜና ሚስቱ ዛሬ ዕዳ የለባቸውም። አብረውት የተዳሩ ጓደኞቹ ግን የአዳራሹን ብድር ገና እየከፈሉ ነው።

ወደ ስጦታው ልምጣ። ስደተኛ ወደ አገሩ ሲገባ ሁሉም ሰው እጁን ያያል። በሁለት ሻንጣ፣ በየ23 ኪሎው፣ ለዘመዱ ሁሉ የሚበቃ ነገር ማምጣት አይቻልም። ትርፍ ኪሎ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ከአገር ውስጥ የሚገኘውን ከአገር ውስጥ እገዛለሁ። ሎሽን፣ ሻምፖ፣ ቸኮሌት፣ ሸሚዝ ተሸክሜ አልመጣም። የምይዘው እዚያ በጥሩ ጥራት ማግኘት የሚያስቸግረውን ነው፤ ለእማዬ የደም ግፊት መለኪያ፣ እግሯን የማይጎዳ ጫማ፣ ለማኅበር ጓደኞቿ የንባብ መነጽር። መነጽሩን የሰጠኋቸው አንዲት እናት ዳዊታቸውን ገልጠው ወዲያው ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ከሻንጣዬ ጠፍቶ አያውቅም።

ለሽማግሌዎቹ ጋቢ ነው የምሰጠው። ጋቢውን የምናሠራው ጎንደር ካለ ሸማኔ ነው፤ ትእዛዙ ክረምት ላይ ይሰጠዋል፣ ያኔ ሥራ ቀዝቀዝ ይላልና በተረጋጋ ዋጋ ይቀበላል። ለጥምቀት ሲዳረስ ግን ሸማኔውን ማግኘትም ይከብዳል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባልበት አገር ነው፤ ሁሉም ቀሚሱን ለዚያ ቀን ይፈልጋል። የሥጦታው ብር ደግሞ እዚያው ጎንደር ለሚሠራ ሰው ይገባል። ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ለልጆቹ የማመጣውን የምገዛው በቅናሽ ወቅት ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ካላንደሮች ይረዳዳሉ። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ካለፈ ማግስት ሱቆቹ የተረፋቸውን በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይሸጣሉ። ጥምቀት የሚውለው ጃንዋሪ 19 አካባቢ ነው። በመሐል ለመግዛትም ሻንጣ ለመዝጋትም በቂ ጊዜ አለ። የተማሪ ቦርሳና ጫማ የሚረክሰው ኦገስት ላይ ነው፤ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው። ሰው የሚሄድ ከተገኘ በእጁ እልካለሁ። የልጆቹን የጫማ ቁጥር እህቴ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፋ በየዓመቱ ታድሰዋለች። ለልጅ ልክ ያልሆነ ጫማ መላክ ልጁንም ያሳዝናል።

አንድ ነገር ላይ አንቆጥብም። የአባታችን ሙት ዓመት ሲደርስ እማዬ የፈለገችውን ትደግሳለች፤ ለካህናቱም ለነዳያኑም። እዚያ ላይ ደብተር አይወጣም። ሦስታችንም ይህን አንስተን ተከራክረን አናውቅም።

አሁን የሚቀጥለው ጥምቀት እየቀረበ ነው። በ2012 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የሰዉ ናፍቆት የጨመረ ይመስለኛል፤ ሰላም ሲሆን ከየአገሩ ይመጣል፣ ሆቴሉም በዚያ ሰሞን ይወደዳል። እኛ ሦስታችንም ከነልጆቻችን እማዬ ቤት ነው የምናድረው። ፍራሽ ከጎረቤት ይመጣል። የአውሮፕላን ትኬታችንን ከወዲሁ ቆርጠናል፤ ጥር ሲቃረብ ዋጋው አይነካም። ታናሽ እህቴ የልጇን ክርስትና ለዚያው ሰሞን ብናደርገው ብላለች፤ አያትየዋም ዘመዱም ስለሚገኙ አንድ ድግስ ለሁለት ይሆናል። እማዬ ዳጉሳውን ገዝታ ጨርሳለች። ታላቅ እህቴ ደግሞ የሁላችንንም የቀሚስ ልክ እስከ ኅዳር ላኩ ብላናለች፤ የቶሮንቶዋ እስካሁን አልላከችም።